አፌ ላይ የነበረው እጅ

(በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።)

ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ። ማይኩ እንዳይጮህብን ትንሽ ራቅ አድርጌ እይዘዋለሁ።

ምክትል ርዕሰ መምህርቷ ደውለው ሲጋብዙኝ ርዕሱንም አብረው ነገሩኝ። «የ15 ዓመት ልጅ የነበርሽውን አንቺን ብታገኚያት ምን ትመክሪያታለሽ?» አሉኝ። እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቄ መጣ። ያቺ ልጅ እኮ አትሰማኝም። መነጽር ያደረገች የ41 ዓመት ኦዲተር መጥታ «ነይ ቁጭ በይ፣ ላውራሽ» ብትላት፣ በሆዷ «ከዚህች ሴትዮ እንዴት ነው የምገላገለው?» ነው የምትለው። እናንተም አሁን እንደዚያ እያላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። በተለይ እዚያ ጥግ ያላችሁት። ግድ የለም።

ስለዚህ ብዙ ምክር አላመጣሁም። ስለ ጥናት፣ ስለ ጓደኛ፣ ስለ ስልክ ቤተሰቦቻችሁ የሚሉትን ብለዋችኋል። እኔ የማወራው ስለ አንድ እጅ ነው። ስለዚህኛው፣ ስለ ቀኝ እጄ።

ያደግኩት መቂ ነው። ወደ ዝዋይ፣ ወደ ሻሸመኔ የሄደ ሰው ያውቃታል። መንገድ ዳር ቲማቲም በሳጥን፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ ፓፓያ ክምር በክምር። አባቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ማታ ቲማቲም ጭኖ ይነሣና ጎህ ሳይቀድ አዲስ አበባ አትክልት ተራ ያራግፋል። እናቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። መቂ የመጣችው በ20 ዓመቷ፣ ተድራ ነው። ጥርሷ ወተት ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የእኔ ጥርስ ቡናማ ነበር። ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ ላይ ደግሞ ሻይ ፈስሶበት የደረቀ ወረቀት የሚመስል ጥላ ነበረባቸው። መቂ እያለሁ ግን ነገሬም ብዬው አላውቅ። ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ጥርሱ እንደዚያው ነው። ከፊቴ ያለችውም። የአንዱ ጠቆር፣ የአንዱ ፈዘዝ ይላል እንጂ የሌለበት ልጅ ጥቂት ነው። የልጅ ጥርስ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

9ኛ ክፍልን አዲስ አበባ እንድማር ተወሰነ። 1992 ዓ.ም. ነው። አባቴ ጋቢና አስቀምጦኝ፣ ከኋላ ቲማቲሙን ጭኖ፣ ኮተቤ አክስቴ ቤት አደረሰኝ። ልብሴ ሁሉ ቲማቲም ቲማቲም ይሸት ነበር።

ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ከፊቴ ያለው ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ዞር አለችና «አንቺ፣ ጥርስሽን አትቦርሺም እንዴ?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ዛሬም ሳስባት የምሯን ነው የጠየቀችኝ። ግን ዴስኩ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሰው ሲስቅ አብሮ ይሳቃል፣ ምን ይደረጋል? ሳቄን ሳልጨርስ ግን እጄ ተነሥቶ አፌ ላይ አረፈ።

ከዚያ አልወረደም።

የሚገርማችሁ፣ ማንም አልነቃብኝም። እንዲያውም ተመሰገንኩበት። እኛ አገር ሴት ልጅ አፏን በእጇ ወይም በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን አድርጋ ስትስቅ ጨዋ ትባላለች። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ «አቤት የዚህች ልጅ አስተዳደግ! ሳቋ እንኳ አይሰማም» ይሉ ነበር። አክስቴ በኩራት ትሞላለች። እኔ ሲኒውን አነሣና ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ማታ ማታ፣ ሰው ሲተኛ፣ ጓሮ ወጥቼ ጥርሴን እፈትጋለሁ። በወይራ መፋቂያ ጀመርኩ። አልሆነም። የከሰል ዱቄት። አልሆነም። አመድ። ጨው በሎሚ። ሎሚው የነካኝ ጊዜ ከጥርሴ ተነሥቶ እስከ ጆሮዬ ሥር ይጠዘጥዘኝ ነበር። የምትፋው ውሃ ደም ለብሶ ይወጣል። ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም ጥርሴ ያው ነው፤ ድዴ ብቻ አብጧል። ቀለሙ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ጥርሱ ሲሠራ አብሮት የገባ ነው። ይህን ማን ይንገረኝ? ሎሚው ደግሞ ያለውንም የጥርስ ሽፋን የሚበላ አሲድ ነው። አመዱ ይፍቀዋል። በገዛ እጄ እያበላሸሁት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልምጣ።

በክፍል ውስጥ አንድ የምወደው ነገር ነበር። ጮክ ብሎ ማንበብ። የአማርኛ መምህራችን «ማን ያንብብልን?» ሲሉ መጀመሪያ የምነሣው እኔ ነኝ። ያቺ አፏን የምትሸፍን ዓይን አፋር ልጅ! ምክንያቱን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ስታነቡ መጽሐፉን ከፍ አድርጋችሁ ትይዙታላችሁ። መጽሐፉ አፍ ይሸፍናል። ከመጽሐፉ ጀርባ ሆኜ እንደ ልቤ አፌን እከፍታለሁ።

10ኛ ክፍል ላይ መምህሩ አስቆሙኝና «አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽ ለማይክ ነው የተፈጠረው። ከሰኞ ጀምሮ ሚኒ ሚዲያ ግቢ» አሉኝ። ያን ቀን በእግሬ ሳይሆን በአየር ነው ቤቴ የገባሁት። በዚያ ዘመን የሚኒ ሚዲያ ልጅ ማለት የግቢው ታዋቂ ሰው ማለት ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ ከሁሉ ፊት ቆሞ ማስታወቂያ የሚያነብ።

እሑድ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ እንዴት እንደምቆም ተለማመድኩ። በአንድ እጄ ማይክ ያዝኩ። በአንድ እጄ ወረቀት። ከዚያ ቆጠርኩ። ያለኝ ሁለት እጅ ነው። ለአፌ የሚተርፍ እጅ የለም።

ሰኞ ጠዋት መምህሩ ዘንድ ሄጄ «ጉሮሮዬን ያመኛል፣ አልችልም» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝ። «ሲሻልሽ ነይ» አሉኝ። አልሄድኩም። ሌላ ልጅ ገባ። ጥሩ አንባቢ ነበር፣ አልዋሽም፤ ግን «ማስታወቂያ» የምትለዋን ቃል ሁልጊዜ በችኮላ ይውጣት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሰልፍ ላይ ቆሜ በልቤ አረምኩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ያን ቀን «አንቺ ጥርስሽ ቡናማ ነው፣ ማይክ አትይዢም» ያለኝ ሰው ማን ነው? ማንም የለም። መምህሩ ፈልገውኛል። ልጆቹ ሊሰሙኝ ይችሉ ነበር። ሊስቁብኝም ይችሉ ነበር፣ አላውቅም፤ ምክንያቱም ዕድሉን አልሰጠኋቸውም። እነሱ ሳይከለክሉኝ ቀድሜ ራሴን ከለከልኩ።

ዴቪድ ኤልካይንድ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1967 እ.ኤ.አ. ስለ እናንተ ዕድሜ የጻፈው ነገር አለ። በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ሁልጊዜ የሚያየው ታዳሚ ያለ ይመስለዋል አለ። መድረክ ላይ ያለ ይመስለዋል። እያንዳንዱ ሰው ግን በየራሱ መድረክ ላይ ስለሆነ ሌላውን የሚያይበት ጊዜ የለውም። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። የእኔ ታዳሚ የምር ነበራ! አንድ ዴስክ ሙሉ ሰው ስቆብኛል። ስለዚህ «ማንም አያያችሁም» የሚለውን ምክር እኔ አልሰጣችሁም። አንዳንዴ ያያሉ። ግን አንድ ቀን አዩ፤ እኔ ደግሞ ያንን አንድ ቀን ለዓመታት አበዛሁት።

ማስረጃ ልስጣችሁ፤ ሥራዬ ነውና። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ደመራ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ እኩለ ቀን አካባቢ። ሲድኒ ኦሊምፒክ፣ 10 ሺህ ሜትር። እናንተ አልተወለዳችሁም። አክስቴ ቤት ቴሌቪዥን ስላለ ሰፈሩ በሙሉ ሳሎናችን ገብቷል። መሬት ላይ የተቀመጠ አለ፣ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ አለ። መጨረሻዋ ዙር ላይ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ፈትለክ አለ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተከተለው። አይደርስበትም አልን። መስመሩ ሊደርስ ሲል ደረት ለደረት ሆኑ። ኃይሌ ቀደመ። ልዩነቱ አንድ ሴኮንድ ለ100 ተከፍሎ 9 እጁ ብቻ ነበር። ሦስተኛ የወጣውም የእኛው አሰፋ መዝገቡ ነው።

እኔ ሁለት እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ እየጮህኩ ነበር። ሁለቱንም! አፌ እስከ ጉሮሮዬ ድረስ ተከፍቷል። ያ ሁሉ ሰው እዚያው ነበር። አንድ ሰው ጥርሴን አላየም። ሰው ሁሉ ኃይሌን ነው የሚያየው። እኔም ራሴ እጄ መውረዱን ያስተዋልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን ሩጫ እንደገና ሳይ ነው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። አንድ ልጅ ዳርና ዳሩ ጽጌረዳ የተሣለበት ደብዳቤ ሰጠኝ። እያሾፈብኝ መሰለኝና ቀድጄ ጣልኩት። ዓመቱ ሲያልቅ የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ተፈተንኩ። የእኛ ዙር የመጀመሪያው ስለነበር ማንን ጠይቀን እንደምንዘጋጅ እንኳ አናውቅም ነበር። አለፍኩ። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። አካውንቲንግ መረጥኩ። ቁጥር ጥርስ አያሳይም።

2005 ዓ.ም. ላይ፣ በ28 ዓመቴ፣ መንጋጋዬ አላስተኛ አለኝ። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ተጋድሜም እጄ አፌ ላይ ነው። ሐኪሙ «እጅሽን አውርጂልኝ እንጂ፣ እህቴ» አለ። አወረድኩ። መብራቱን አስጠጋ። መንጋጋዬን ሳይነካ፣ ገና የፊቶቹን እንዳየ፣ «የት ነው ያደግሽው? ናዝሬት? ዝዋይ?» አለኝ።

«መቂ።»

«በቃ፣ የውሃ ነው» አለና ወደ መንጋጋዬ ሄደ።

ለእሱ ሦስት ሴኮንድ ነው። ለእኔ 13 ዓመት። ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛው «እመቤቴ፣ አዞረሽ እንዴ?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስምጥ ሸለቆ መሬቱ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከሥር ያለው ውሃ ድንጋዩ ውስጥ ሲቆይ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር እያሟሟ ይይዛል። ፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናችሁም ውስጥ አለ፤ በልኩ ሲሆን ጥርስ ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከ10 በላይ የሚያሳዩ ጉድጓዶች አሉ። ጥርሱን የሚያበላሸው ደግሞ ገና ድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት ጊዜ ነው። ይኸውም እስከ 8 ዓመት ገደማ ማለት ነው። ተሠርቶ ያለቀ ጥርስ በዚያ ውሃ ቀለሙ አይለወጥም።

እናቴን ያዙልኝ ብያችሁ አልነበር? አንድ ቤት፣ አንድ ጀሪካን፣ አንድ ውሃ። የእሷ ጥርስ ነጭ፣ የእኔ ቡናማ። እሷም እኔም ከዚህ ያወጣነው ሒሳብ «ልጅቷ አትቦርሽም» የሚል ነበር። እሷ ግን ጥርሷን ደብረ ብርሃን ጨርሳ ነው የመጣችው። ምስኪን፣ ለጤናችን ብላ ውሃውን ሁልጊዜ ታፈላው ነበር። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያወጣም። ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይወፍራል። (በነገራችን ላይ እዚያ አካባቢ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ዘመዶች ካሏችሁ ንገሯቸው። የዝናብ ውሃ ይሻላል። በተቃጠለ አጥንት የሚያጣሩ ማጣሪያዎችም አሉ። ለብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንትንም ይነካል፣ ጀርባ ያገትራል።)

እኔን የሚያበሽቀኝ ምን መሰላችሁ? ማስረጃው ሁሉ በእጄ ነበር። የመቂ ክፍሌ ልጆች ጥርስ ቡናማ። ከደጋ የመጣች እናቴ ነጭ። ይህንን አንድ ወረቀት ላይ ግራና ቀኝ ብጽፈው ጥያቄው ራሱ ይወጣ ነበር። የባዮሎጂ መምህር ነበረን፣ የኬሚስትሪ መምህር ነበረን፤ ሄጄ «ቲቸር፣ እኛ አገር ልጆቹ ሁሉ ለምን እንዲህ ሆኑ?» ብል ምን እሆን ነበር? ግን እኔ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ፈርጄ ጨርሼ ነበር። ከተፈረደ በኋላ ማን ማስረጃ ይሰበስባል?

ከዚያስ? በ2011 ዓ.ም. ገንዘብ አጠራቅሜ ሁለቱን የፊት ጥርሶቼን አስሸፈንኩ። ደስ አለኝ። «ጥርሴን እንዳለ ወደድኩት» ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሐኪሙ መስታወት ሲሰጠኝ ሳቅኩ። ስስቅ እጄ ተነሣ።

አዎ። ጥርሱ ተሸፍኗል፤ እጄ ግን አልሰማም። 19 ዓመት የሠራበትን ሥራ በአንድ ቀን ተው ቢሉት ከየት ይምጣ? ያገባሁት ሰው እንኳ ሙሉ ሳቄን አይቶት አያውቅም ነበር።

ልጅ አለችኝ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች። ጥርሷ የአያቷ ነው፣ ወተት። አምስት ዓመት ሲሆናት አንድ ማታ አባቷ ሲያስቃት አየኋት። ትንሽዬ እጇ ተነሥታ አፏ ላይ ልጥፍ አለች። ሲበቃት ወረደች። ሌላ ቀልድ ሲመጣ እንደገና ልጥፍ። ልጄ የምትደብቀው ምንም ነገር የላትም። ሳቅ ማለት እንዲህ ነው ብላ ነው ከእኔ የተማረችው።

እጄን ማውረድ የጀመርኩት ያን ማታ ነው። ዛሬም ይረሳኛል። ልጄ አሁን ትልቅ ሆናለችና «እማዬ፣ እጅ!» ትለኛለች፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ።

ስለዚህ ያቺን የ15 ዓመት ልጅ፣ ጓሮ በሎሚና በአመድ ድዷን ስታደማ ባገኛት፣ «ቆንጆ ነሽ» አልላትም። አታምነኝም። «ራስሽን ውደጂ» አልላትም። ምን ማለት እንደሆነ እኔም በደንብ አልገባኝም። «የውሃ ነው» ነው የምላት። ያቺ ብቻ ትበቃታለች። ከቻልኩ ሎሚውን እቀማታለሁ።

እዚህ ከተቀመጣችሁት መሃል ስንቱ ሎሚ እንደያዘ አላውቅም። ድምፁ እየተሰበረበት ክፍል ውስጥ መልስ መመለስ ያቆመ ልጅ ይኖራል። ጉሮሮህ ውስጥ ያለው የድምፅ ሳጥን እያደገ ነው፤ ሲጨርስ ይረጋል። ፊትሽን በቀን አምስት ጊዜ በሳሙና የምትታጠቢው፣ ብጉር የቆሻሻ ሳይሆን የሆርሞን ነው፤ መፈተጉ ያባብሰዋል። ረዝማ የምትጎብጥ አለች። ከገጠር መጥቶ አነጋገሩ እንዳይታወቅበት ዝም ያለ አለ። ጠዋት አልነሣ ብሎ ሰነፍ የተባለም አለ። በእናንተ ዕድሜ እንቅልፍ የሚያመጣው ሆርሞን ማታ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ለወላጆቻችሁ ንገሩልኝ። ስልኩን ግን አስቀምጡት፣ እሱ የሆርሞን አይደለም።

እናንተ ደግሞ ዴስክ ላይ የሳቃችሁት፣ አታስታውሱትም። ያቺ ልጅም አታስታውሰውም። ከጥቂት ዓመት በፊት ሰርግ ላይ አገኘኋት። አቅፋ ሳመችኝና «አንቺ እኮ ያኔ በጣም ጨዋ ነበርሽ!» አለችኝ።

እንግዲህ ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ስገባ የሚኒ ሚዲያ ልጆች በር ላይ አግኝቻቸው ነበር። ከእኔ በኋላ የሚነበብ ማስታወቂያ እንዳላቸው ነግረውኛል። ካልከፋችሁ፣ ዛሬ እኔ ላንብበው? ስጪኝ እስቲ፣ እናቴ። ተባረኪ። 25 ዓመት ዘግይቻለሁ። ማይኩን በዚህ፣ ወረቀቱን በዚህ።

«ማስታወቂያ። ትናንት ከእረፍት በኋላ ሜዳው ላይ ሰማያዊ ሹራብ ወድቆ ተገኝቷል። የጠፋበት ተማሪ ዩኒት ሊደር ቢሮ መጥቶ ምልክቱን ተናግሮ መውሰድ ይችላል። እንዲሁም የ10ኛ ክፍል የኬሚስትሪ ቴስት ከሐሙስ ወደ ዓርብ ተዛውሯል።»

ኧረ ቀስ! ጭብጨባው ለቴስቱ እንደሆነ ገብቶኛል።